ፍየሉን እንሰር፣ ጓሮውን እናልማ፦ ለከሚሴና ለዞኑ ቅሬዎች የቀረበ ጥሪ

የከሚሴ፣ የባቲ፣ የሰንበቴ፣ የጨፋ ሮቢትና የየገጠር ቀበሌው ነዋሪዎች፦

መጋቢት 26 ፀደይ ይገባል። በእኛ አካባቢ ከፀደይ ቀድሞ የሚደርሰው በልግ ነው፤ የካቲት ላይ ጠብ ማለት ይጀምርና ከቀናው እስከ ግንቦት መጀመሪያ ይዘልቃል። በዚህ ወቅት የገበሬው ዓይን ማሳው ላይ ነው፤ የማሽላ መሬቱን እየገለበጠ ሰማይ ሰማይ ያያል። የከተሜው ዓይን ደግሞ አስፋልቱ ላይ ነው፤ በአዲስ አበባና በደሴ መካከል የሚመላለሰው መኪና ምን እንደሚያራግፍለት ይጠብቃል። ሁለቱም ዞር ብለው የማያዩት አንድ መሬት አለ፤ ከቤታቸው ጀርባ ያለው ጓሮ።

ይህ ጥሪ ስለዚያ ጓሮ ነው። «ጎመን ትከሉ» የሚለውን ምክር ስንሰማ ኖረናል፤ ሰምተው የተከሉም ጥቂቶች አይደሉም። ለምን እንዳልዘለቁበት ብትጠይቋቸው መልሳቸው ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ የጎረቤት ፍየል ጨረሰብኝ፣ ውሃ ጠፋ፣ ችግኝ አጣሁ። ሦስቱንም አንድ ቤት ብቻውን አይፈታቸውም። ጓሮው የግል ነው፤ የጓሮ ልማቱ ግን የሰፈር ሥራ ነው። ስለዚህም ነው ጥሪው ከሁሉ በፊት ለቅሬዎቻችን የቀረበው። ቅሬ ሰው ሲሞት ብቻ የሚሰበሰብ ቢመስልም፣ ደንብ የሚያወጣ፣ ተራ የሚመድብ፣ የቀረውን የሚቀጣ፣ ድሃና ሀብታሙን በእኩል የሚያይ ከእሱ የቀረበ ተቋም የለንም።

ጓሮ የሚችለውና የማይችለው

እውነቱን እንነጋገር፤ ጓሮ ማሽላን አይተካም፣ ድርቅንም አያስቀርም። በ1977ቱ ረሃብ ባቲ መጠለያ ውስጥ የተሰበሰበውን ሕዝብ በዓይኑ ያየ ትውልድ ዛሬም በመካከላችን አለ። ለእሱ «አሥር ካሬ ጓሮ ከረሃብ ያድንሃል» ማለት ነውር ነው።

ጓሮ የሚችለው ሌላ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ በአገር ደረጃ ከ5 ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 37ቱ ቀንጭረው ነበር፤ በአማራ ክልል ቁጥሩ 41 ነበር። መቀንጨር ደግሞ ሁልጊዜ ከባዶ ሆድ አይመጣም። እንጀራ በሽሮ ጠግቦ የሚያድር ልጅም፣ ቅጠል፣ ፍራፍሬና እንቁላል ከገበታው ከራቁ ከዕድሜው በታች ሆኖ ይቀራል። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቆም ቃል ገብቷል። ቀኑ እየደረሰ ነው። ቃሉ የሚፈጸመው ግን አዳራሽ ውስጥ አይደለም፤ እናት ለልጇ ገንፎ ስታገነፋ እጇን ዘርግታ የምትቀነጥሰው ቅጠል ሲኖራት ነው።

የኪሳችንም ጉዳይ ነው። በ2016 ዓ.ም. መባቻ አዲስ አበባ ላይ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ከ100 ብር ሲያልፍ ዋጋው በዚሁ አስፋልት እኛም ዘንድ ደርሷል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ በገባ ጊዜ ደግሞ መንገዱ ራሱ ተዘጋ። አንድ መንገድ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ወጥ ቤት መንገዱ ሲታመም አብሮ ይታመማል። ጓሮ ይህን ሁሉ ባያድን፣ ቃሪያውን፣ ጎመኑን፣ ቆስጣውንና ፓፓያውን ከመንገዱ ላይ ያወርድልናል።

አንደኛው ጉዳይ፦ ፍየል

ያልተነገረለት የጓሮ ጠላት ድርቅ ሳይሆን ልቅ ከብት ነው። አንዲት ፍየል የሁለት ወር ልፋት በአንድ ማለዳ ትጨርሳለች፤ ዶሮም አዲስ የተዛወረ ችግኝ ሥሩን ጭራ ታወጣለች። ሰው አንዴ ከተበላበት በኋላ ሁለተኛ አይተክልም።

መፍትሔው «ሁሉም አጥሩን ያጥብቅ» የሚል ብቻ ከሆነ ሸክሙ አቅም የሌለው ላይ ይወድቃል። «ፍየል ይወገድ» ማለትም ግፍ ነው፤ ፍየል ያለው ብዙ ጊዜ ድሃው ነውና። ስለዚህ ቅሬው እንዲህ ቢወስን ይበጃል፦ ከሚያዝያ 1 ጀምሮ በሰፈር ውስጥ ልቅ ከብት አይኖርም፤ ከብት ያላቸው ቤቶች በተራ እረኛ ያወጣሉ ወይም አስረው ይቀልባሉ፤ ጓሮ ያለው ደግሞ የነቀለውን አረም፣ ያረጀውን የጎመን ቅጠልና ከበርጫ የተረፈውን ገራባ ሳይጥል ለጎረቤቱ ፍየል ይሰጣል። ሁለቱም ወገን ተጠቃሚ ሲሆን ደንብ ይከበራል። ዶሮ ችግኝ ከተዛወረ በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል ቢዘጋባት በቂ ነው። ቅጣቱን ቅሬው ያውቅበታል፤ ከዚህ ቀደም ለቀብር የቀረውን ሲቀጣ ማንም «ለምን» አላለውም።

ሁለተኛው ጉዳይ፦ ውሃ

«ለመጠጥ ያጣሁትን ውሃ ለጎመን?» የሚል ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ አዲስ ውሃ ከመፈለግ በፊት የሚፈሰውን መያዝ ነው።

አንድ ሰው ለአንድ ውዱእ አንድ ሊትር ቢጠቀምና በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ ቢያደርግ፣ አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን 25 ሊትር ያፈሳል። ይህ ውሃ ሳሙና የለበትም፣ ቅባት የለበትም። አንድ ካሬ ሜትር መደብ በሙቀት ወቅት በቀን 5 ሊትር ያህል ቢያገኝ ይበቃዋል፤ እንግዲህ የአንድ ቤት የውዱእ ውሃ ብቻውን 5 ካሬ ሜትር ያጠጣል ማለት ነው። የሚፈለገው ውዱእ የሚደረግበትን ቦታ ወደ መደቡ ጠጋ ማድረግ ወይም ከሥሩ ሳፋ ማኖር ነው። ወራጅ ወንዝ ዳር ተሆኖም እንኳ ውሃ ማባከን የተጠላ እንደሆነ ዑለሞቻችን ሲያስተምሩን ኖረዋል። እንግዲህ የመስጊዶቻችን ኮሚቴዎች ይህን ትምህርት በተግባር እንዲያሳዩን እንጠይቃለን፤ በየቀኑ በመቶ የሚቆጠር ሰው ውዱእ የሚያደርግበት ቦይ መንገድ ላይ ከሚፈስ፣ ጫፉ ላይ የሰፈሩ የችግኝ መደብ ይዘጋጅበት። ተክሎ ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ከበላለት ለተካዩ ሰደቃ እንደሚሆን ከሚያስተምር ቦታ የተሻለ የችግኝ ጣቢያ የት ይገኛል? ሰፊ ግቢ ያላቸው አብያተ ክርስቲያናትም እንዲሁ ያድርጉ።

የወጥ ቤት እጣቢ፣ ጎመንና ሩዝ የታጠበበት ውሃ፣ ለመደቡ ይሆናል። ኦሞ ያለበት ቅጠላ ቅጠል ላይ አይፈስስ፤ በረኪና የነካው ጭራሽ ወደ ጓሮ አይምጣ። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለን ደግሞ ዝናቡን አንልቀቀው። 30 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 600 ሊትር ነው፤ የሚባክነው ቢቀነስ እንኳ ሁለት በርሜል ሞልቶ ይተርፋል። የሚያስፈልገው አሸንዳና ክዳን ያለው በርሜል ነው። ክዳኑን አደራ፤ አገራችን ቆላ ነው፣ የወባ አገር ነው፤ ክፍት በርሜልና የተኛ ውሃ ለትንኝ መራቢያ ነው። ዝናብ ሲያባራ ቦያችንን እንጥረግ፣ ውሃ ከመደቡ መካከል እንዳያድር እናድርግ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ቦርከና የደሴና የኮምቦልቻን ፍሳሽ ተቀብሎ ነው ወደ ጨፋ የሚወርደው፤ ኮምቦልቻ ላይ ወደ እሱ በሚገቡት ወንዞች ውስጥ የፋብሪካ ፍሳሽ የተሸከመው ከባድ ብረት መገኘቱን ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ስለዚህ ጥሬውን የሚበላ ሰላጣ፣ ቃሪያና ቲማቲም በወንዙ ውሃ አናጠጣ። ወንዙን ማጽዳት የፋብሪካዎቹና የተቆጣጣሪዎቹ ግዴታ ነው፤ ይህን ግዴታ በስብሰባ ሁሉ ከመጠየቅም አንቦዝን። እስከዚያው የጣሪያ ውሃና የውዱእ ውሃ ይሻለናል።

ሦስተኛው ጉዳይ፦ ችግኝ

እያንዳንዱ ቤት ዘር ገዝቶ፣ መደብ አበጅቶ፣ ሁለት ወር ጠብቆ ይትከል ማለት አብዛኛውን ከጅምሩ ማስቀረት ነው። እንዲህ እናስላው። 1 ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ የችግኝ መደብ ላይ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ መስመር ቢወጣ 13 መስመር ይወጣዋል። ጎመን በየ5 ሳንቲ ሜትሩ ቢሳሳ በአንድ መስመር 20 ችግኝ ይቆማል። ለአንድ ቤተሰብ ደግሞ 20 ግንድ ጎመን አያንስም። አንዲት እናት የያዘቻት አንዲት መደብ ለ13 ቤት ትበቃለች፤ ለየቤቱ አንድ መስመር።

እንግዲህ በየ13ቱ ቤት አንድ ሰው ጎመን ቢያፈላ፣ ሌላው ቃሪያ፣ ሌላው ሽንኩርት ቢይዝ፣ ማንም ሁሉን ሳይሠራ ሁሉም ሁሉን ያገኛል። በአማርኛም በኦሮምኛም ደቦና ጅጌ ስንል ለማጨዳና ለአረም ስንጠራራ ኖረናል፤ ለችግኝ የማንጠራራበት ምክንያት የለም። ጎመን ከ4 እስከ 5 ሳምንት፣ ቃሪያና ሽንኩርት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ለመዛወር ይደርሳሉ። ቆስጣ፣ ካሮትና ዱባ ግን መዛወር ሳያስፈልጋቸው በቦታቸው ይዘራሉ። ስኳር ድንች ዘሩ ሐረጉ ነው፤ 30 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ ከጎረቤት በነፃ ይገኛል። ሥጋው ብርቱካናማ የሆነው ዝርያ ቫይታሚን ኤ ስላለው ለሕፃናት ይመረጣል፤ ሐረጉን የግብርና ባለሙያዎቻችን እንዲያመጡልን እንጠይቅ።

መደቡን ስናወጣ

ከመቆፈራችን በፊት አፈሩን እንፈትሽ። እፍኝ አፈር ከጣት ርዝመት ጥልቀት አውጥታችሁ ጨብጡት፤ እጃችሁን ስትከፍቱ እንደ ሊጥ ተጣብቆ ከቀረ ገና ነው፣ ሁለት ሦስት ቀን ይጠበቅ። ተጨብጦ ቆይቶ በአውራ ጣት ሲነካ ከፈረሰ ዶማው ይነሳ። በተለይ የጨፋ ዙሪያ ጥቁር ዋልካ ርሶ ከተቆፈረ ጓል ይሆናል፤ ጓሉ ሲደርቅ ደግሞ ድንጋይ ነው።

የመደቡ ስፋት ከ1 ሜትር አይብለጥ፤ ከግራም ከቀኝም ቁጭ ብሎ መካከሉ ላይ በእጅ መድረስ ከተቻለ ማንም አይረግጠውም። ዋልካ ላይ ከመሬት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ውሃ እንዳይተኛበት። አሸዋማና ተዳፋት ቦታ ላይ ግን ዝቅ ያለ መደብ ይሻላል፣ ውሃ እንዲይዝ። በደንብ የበሰበሰ የፍየል ወይም የከብት ፍግ ከላይኛው አፈር ጋር ይቀላቀል፤ ትኩስ ፍግ ግን ሥር ያቃጥላል። ከተተከለ በኋላ በሣር ወይም በማሽላ አገዳ ጉዝጓዝ ይልበስ። በሚያዝያና በግንቦት ፀሐይ ጉዝጓዝ ያለውና የሌለው መደብ በሦስት ቀን ውስጥ ይለያሉ።

ጓሯችንን ቀድሞ የያዘው ቅንጨ አረም ከሆነ፣ አበባ ሳያወጣ አሁን እንንቀለው። ቆዳ ያሳክካል፣ ደረት ያፍናል፣ የበላችው ላም ወተቷ ይመርራል። እጃችንን በጓንት ወይም በላስቲክ ሸፍነን ከሥሩ እንንቀል። ሳያብብ የተነቀለው ከወጥ ቤት ትራፊ፣ ከአመድና ከፍግ ጋር ብስባሽ ውስጥ ይገባል፤ ያበበው ግን ይቃጠል። ዛሬ የተጀመረ ብስባሽ በየሦስት ሳምንቱ እየተገላበጠ በሦስት ወር ይደርሳል፤ ሰኔ መጨረሻ ማለት ነው። ልክ ለሐምሌው የፍራፍሬ ተከላ።

የፓፓያ፣ የማንጎና የሎሚ ጉድጓድ ዛሬ ይቆፈር፤ ጎኑም ጥልቀቱም ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ለማንጎ ሰፋ ይበል። የላይኛው አፈር ለብቻ፣ የታችኛው ለብቻ ይከመር። ሐምሌ ላይ በአረንጓዴ አሻራ ስም ችግኝ ሲታደል ጉድጓድ ያለው ቤት ይተክላል፤ ጉድጓድ የሌለው ቤት ችግኙን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ያደርቃል።

ተባይ ሲመጣ ወደ ማሳ ኬሚካል አንሩጥ። ለማሾና ለማሽላ የተገዛ መድኃኒት ጎመን ላይ ተረጭቶ በማግስቱ ለልጅ መቅረብ የለበትም። ክሽክሽ የያዘውን ቅጠል እንቁረጥ፣ በሳሙና ውሃ እንጠብ፣ ቆራጭ ትሉን ማለዳ አፈሩን ጫር አድርገን እንልቀም። የመድኃኒት ዕቃም ታጥቦ ውሃ መያዣ አይሆንም።

«እኔ ጓሮ የለኝም»

ተከራይ ነኝ፣ ግቢዬ ሲሚንቶ ነው የሚል ብዙ ነው። ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት አፈርና ፍግ ተሞልቶ፣ ጎኑ ተበስቶ፣ አናቱም ጎኑም ላይ ቆስጣና ጎመን ይተከልበታል። የተቀደደ ጀሪካን ለቃሪያ ይሆናል። አከራዮችም ተከራዩ ያለማውን ጥግ ኪራይ መጨመሪያ አታድርጉት። ጅዳና ሪያድ ያላችሁ ልጆቻችንም እናንተ ናችሁና የብዙውን ቤት ወጪ የምትሸፍኑት፣ ቤት ሲሠራ ግቢው በሙሉ ሲሚንቶ እንዳይለብስ እዘዙ፤ ለወላጆቻችሁ ከምትልኩት ላይ የአንድ በርሜልና የአሸንዳ ዋጋ ለይታችሁ ላኩ።

ትምህርት ቤቶች አንድ መደብ ለአንድ ክፍል ይስጡ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቅጠሉ ተከትፎ በጥቂት ዘይት ለሕፃን እንዴት እንደሚሠራ ያሳዩ። የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ዘሩን በማሳ መጠን ሳይሆን ለጓሮ በሚሆን ትንሽ እሽግ፣ ከዝናቡ በኋላ ሳይሆን ከዝናቡ በፊት ያቅርቡ፤ ምክሩም በኦሮምኛም በአማርኛም ይሰጥ። ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከልና የኮምቦልቻ ግብርና ኮሌጅ አሉልን፤ ለቆላችን የሚስማማውን ዝርያ ጠይቆ ማምጣት የጽሕፈት ቤቶቹ ድርሻ ነው።

የምንጠይቀው

እንግዲህ በሚቀጥለው የቅሬ ስብሰባ፣ ከዋናው አጀንዳ በኋላ፣ አንድ ሰው ተነስቶ ሦስት ነገር ያስወስን። አንደኛ፣ ከሚያዝያ 1 ጀምሮ ስለ ልቅ ከብት፦ ማን ያግዳል፣ ተራው እንዴት ነው፣ ቅጣቱ ስንት ነው። ሁለተኛ፣ ስለ ችግኝ፦ በየ13ቱ ቤት ማን ጎመን፣ ማን ቃሪያ፣ ማን ሽንኩርት ያፈላል። ሦስተኛ፣ ስለ ውሃ፦ ከመስጊዱ ኮሚቴ ጋር ተነጋግሮ የውዱእ ቦዩን የሚያስተካክለው ማን ነው፤ ለአቅመ ደካሞችና ለብቻቸው ለሚኖሩ አረጋውያን መደቡን የሚቆፍሩት ወጣቶች እነማን ናቸው።

ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይስፈር፣ የተመደበው ሰው ስም ይጻፍ። በግንቦቱ ስብሰባ ደግሞ ማን ምን እንደሠራ በየቤቱ ይቆጠር፤ የዘለቀው ይመስገን፣ የተቸገረው ይታገዝ፣ ያልሠራው ምክንያቱን ቆሞ ያስረዳ።